ሁለት ሐይቆች፣ ሁለት የስደት ቋንቋዎች

በጁባ ከተማ ካስተም በሚባለው ሰፈር ሠርተው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከአገሩ ርቆ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅን ሁሉ አንድ ጥያቄ ያሳስበዋል፤ ይኸውም «ልጄ ቋንቋዬን ይዞ ያድግ ይሆን?» የሚለው ነው። መልሱን ለመፈለግ ሁለት የሐይቅ ዳር ከተሞችን በሐሳብ እንጎብኝ።

አንደኛዋ በካናዳ፣ በዊኒፔግ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘው ጊምሊ ናት። የመጀመሪያዎቹ የአይስላንድ ሰፋሪዎች እዚያ የደረሱት በጥቅምት 1875 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት አስክያ የተባለው እሳተ ገሞራ በአይስላንድ ፈንድቶ አመዱ ግጦሹን ስላጠፋ፣ በ1876 ብዙዎች ተከተሏቸው። ወዲያው የገባው ፈንጣጣም ከ100 በላይ ሰዎች ፈጀ። እንዲያም ሆኖ ሰፋሪዎቹ በ1877 በቋንቋቸው ጋዜጣ ማተም ጀመሩ። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው በአብዛኛው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ ቋንቋው በጽሑፍ ስለተጠበቀ በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ የአይስላንዳውያን ቀንም በየዓመቱ በጊምሊ ይከበራል።

ሁለተኛዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዝዋይ፣ በአሁኑ ስሟ ባቱ ናት። በሐይቁ ላይ 5 ደሴቶች አሉ። የደሴቶቹ ነባር ነዋሪዎች ዛዮች ናቸው። በቃል ሲወርድ በመጣው ታሪክ መሠረት፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የሸሹ ካህናት ቱሉ ጉዶ ከተባለችው ደሴት ገቡ። ቋንቋቸው ዛይኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ከስልጢኛና ከሐረሪኛ ጋር ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ዛዮች በሐይቁ ዳርቻ ከኦሮምኛና ከአማርኛ ተናጋሪዎች ጋር ተቀላቅለው ይኖራሉ።

ልዩነቱን እናስተውል። አይስላንድኛ ከቤት ቢወጣ ከመጽሐፍ ይገኛል። በጽሑፍ እምብዛም ያልዳበረው ዛይኛ ግን ከቤት ከወጣ የሚመለስበት መንገድ ጠባብ ነው።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎችን ይዘን ወደ ዝዋይ ስንሄድ ዓሣውንና ወፎቹን አይተን ብቻ አንመለስ። ተማሪዎቻችን አንድ የዛይ ሽማግሌ አስፈቅደው አሥር ቃላት በደብተራቸው ይጻፉ። ከዚያም «እናት ልጇን የምታባብለው በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብለው ይጠይቁ። የካስተሙም ወላጅ የጥያቄውን መልስ የሚያገኘው ከዚሁ ነው፤ ቋንቋ በመጽሐፍ ይጠበቃል፣ በሕይወት የሚኖረው ግን በቤት ውስጥ ነው።