«የማን ልጅ ነህ?» ቢሉት ምን ይመልስ?

ሰሞኑን ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከአብሮ አደግ ጓደኛዬ ጋር ጀበና ቡና እየጠጣን ነበር። ፊቱ ጠቁሯል። «ምነው?» ብለው «ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ። «ታዲያ እልል ነዋ!» ብል ጭራሽ አንገቱን ደፋ።

ነገሩ ወዲህ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ዘር ቆጣሪዎች ናቸው አሉ። «የማን ልጅ ነህ?» ካሉት መልስ የለውም። ጓደኛዬን ያሳደጉት ጡረተኛ የጦር ሐኪም ናቸው። በ1991 ዓ.ም. በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ሲያክሙ ከርመው ሲመለሱ፣ ከተፈናቃዮች መሐል ያገኙትን ወላጅ አልባ ሕፃን ይዘው መጡ። ያ ሕፃን እሱ ነው። ክንዱ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ። እሱን ለመደበቅ በበጋውም እጅጌው ረዥም ነው። እስከዛሬ ለፍቅረኛው እንኳ አልነገራትም።

«የአባትና የአያት ስም ፈጥሬ ልንገራቸው ይሆን?» አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመክሩት ነበር? እኔ ከምክር በፊት የሌላ ሐኪም ታሪክ አጫወትኩት።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁ ጊዜ፣ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ አንድ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ከወላጆቹ ተለያይቶ ተገኘ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዱት። ስሙም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። አያችሁ፣ ያሳደጉትም ወላጅ ያሳጡትም የአንድ ሠራዊት ሰዎች ናቸው! ልጁ ግን ጎበዝ ወጣው። ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ፣ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን አጠናከረ፣ በበርማም በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት አገለገለ።

በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ሲገቡ አማርኛ እንኳ አይችሉም፤ በአስተርጓሚ ነው የሚነጋገሩት። ድንኳን ተክለው በሽተኛ ማከም ጀመሩ። የጠፋው የመቅደላ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ ከተማውን ሲያዳርስ አንዲት አሮጊት መጡ። አያቱ ነኝ አሉ። በምን አወቋቸው? በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ! ያኔ ነው ሐኪሙ ስማቸው ወርቅነህ እሸቴ መሆኑን ያወቁት።

ብዙም ሳይቆዩ ለዘመቻ ተነሡ። በ1893 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ በሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ላይ ወደ ሶማሌ ምድር ጦር ሲልኩ፣ ሐኪም ወርቅነህ ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር አብረው ዘመቱ። በዚያ ዘመን ጦር ሜዳ ላይ ከጥይት ይልቅ በሽታ ብዙ ሰው ይጨርስ ነበርና የሐኪም ሥራ እንዲህ የዋዛ አልነበረም። ኋላም የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ የጨርጨር ገዥ ሆነዋል። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ ተወካይ ሆነው ለአገራቸው ይሟገቱ ነበር። ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ግን እዚሁ ሲዋጉ ተይዘው፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ተረሸኑ። በጦርነት ከወላጆቻቸው የተለዩት ሰው በጦርነት ልጆቻቸውን አጡ። ሐኪም ወርቅነህ በ1945 ዓ.ም. አረፉ።

ጓደኛዬ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። «እኔን ግን በጠባሳዬ የሚያውቀኝ አያት የለኝም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ምክሬ ግን ይኸው። አንደኛ፣ የውሸት አያት አትፍጠር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ከሠርግ በኋላ የጠራ እንደሆነ ደግሞ ትዳር ያናጋል። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት ልጅቷ ከአንተው አፍ ትስማ። ሦስተኛ፣ ያሳደጉህ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀመጡ።

ማታ ቤቱ ሸኘሁትና አዛውንቱን ሰላም አልኳቸው። ለካ ወሬው ደርሷቸዋል። «ልጄ» አሉኝ፣ «ቁስለኛ ሲመጣልኝ የማን ልጅ ነህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የት ላይ ነው የተመታኸው ነው የምለው።»

ሽማግሌዎቹ የፊታችን እሑድ ይሄዳሉ። አዛውንቱም ካፖርታቸውን አስጠርገው ጨርሰዋል።