የበርበሬ ቀለም በቁጥር ሲሸጥ
አንድ ቁጥር ብቻ ያለበት ውል ሻጩንም ገዢውንም ሊጎዳ ይችላል

መርካቶ በርበሬ ተራ የገባ ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ዛላውን ከፍቶ ውስጡን ያያል። ዱቄት ከሆነም መዳፉ ላይ አሽቶ ቀለሙን ይመለከታል። የማረቆ በርበሬ ስም ያተረፈው በዚሁ በዓይንና በምላስ ዳኝነት ነው። ዕቃው ባሕር ሲሻገር ግን ዳኛው ይለወጣል። የውጭ አገር ገዢ በውሉ ላይ «ደም የመሰለ» ብሎ አይጽፍም፤ የሚጽፈው ቁጥር ነው።

ይህ ቁጥር በቅመማ ቅመም ነጋዴዎች ዘንድ «አስታ» ይባላል። ስያሜው እ.ኤ.አ በ1907 ከተቋቋመው የአሜሪካ የቅመማ ቅመም ንግድ ማኅበር አሕጽሮተ ስም የተወሰደ ነው። አለካኩ ብዙ አያስቸግርም። 0.1 ግራም ያህል የተፈጨ በርበሬ በ100 ሚሊ ሊትር አሴቶን ተዘፍዝፎ ለ16 ሰዓት በጨለማ ይቆያል። ቀለሙ ወደ ፈሳሹ ከወጣ በኋላ ስፔክትሮፎቶሜትር በተባለው መሣሪያ 460 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሰማያዊ ብርሃን ያልፍበታል። ፈሳሹ ብርሃኑን ምን ያህል እንደዋጠ የሚያሳየው ንባብ በ16.4 ተባዝቶ ለናሙናው ክብደት ሲካፈል አስታው ይገኛል። ንባቡ 0.60 ከሆነና መሣሪያው ማስተካከያ ካላስፈለገው ውጤቱ 98.4 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋውም ይጨምራል።

ድምሩ የሚደብቀው

ችግሩ አስታ የድምር ቁጥር መሆኑ ነው። በርበሬ ውስጥ ያለው ቀለም አንድ ዓይነት አይደለም። ካፕሳንቲንና ካፕሶሩቢን ቀይ ሲሆኑ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ዚአዛንቲንና ቤታ ክሪፕቶዛንቲን ወደ ቢጫ ያደላሉ። ሁሉም በ460 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይውጣሉ። ስለዚህ ቀዩ የሚያይልበት አንድ ከረጢትና ቢጫው የሚበዛበት ሌላ ከረጢት እኩል አስታ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ያን ጊዜ ደህና ቀይ በርበሬ ያቀረበው ሻጭ ከሌላው እኩል ይከፈለዋል ማለት ነው።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ባለሙያዎች ስፔክትራል ዲኮንቮሉሽን የሚሉት፣ የተደራረበውን የብርሃን ንባብ ወደየባለቤቱ የመመለስ ሥራ ነው። ስሌቱ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። 10 ኩንታል ድብልቅ እህል 26 ሺህ ብር ወጣበት እንበል። አንደኛው እህል በኩንታል 3 ሺህ፣ ሌላው 2 ሺህ ብር ከሆነ፣ ከውዱ 6፣ ከርካሹ 4 ኩንታል እንደተገዛ ወዲያው ይታወቃል። ክብደቱ ብቻ ወይም ሒሳቡ ብቻ ቢነገር ግን መልስ አይገኝም። የቀለሙም ጉዳይ እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ቀለም በየትኛው ሞገድ ላይ ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ አስቀድሞ ከታወቀ፣ በተለያዩ ሞገዶች የተወሰዱ ንባቦች ድርሻውን ለይተው ያወጣሉ።

በስፔን የሴቪሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2001 ያሳተሙት ዘዴ ይህንኑ አቃልሎታል። በ472 እና በ508 ናኖሜትር ላይ ሁለት ንባብ ብቻ ተወስዶ የቀዩና የቢጫው ክፍል መጠን ለየብቻ ይሰላል። አስታ የሚለካበት መሣሪያ ራሱ ለዚህም ይበቃል።

ከሸክላ እስከ ሱዳን

የተፈጨ በርበሬ ላይ ሸክላ ይቀላቀላል የሚለው ስሞታ በአገራችን ገበያ የቆየ ነው። ሸክላ በአሴቶን አይሟሟም። ክብደት ጨምሮ ቀለም ስለማይሰጥ አስታውን ዝቅ ያደርገዋል፤ በዚህም ይጋለጣል። ሱዳን 1 የተባለው የኢንዱስትሪ ማቅለሚያ ግን ተቃራኒውን ይሠራል። ለጫማ ቀለምና ለሰም ማቅለሚያ የሚውለው ይህ ኬሚካል ብርሃን የሚውጠው በርበሬው በሚውጥበት አካባቢ ስለሆነ፣ የደበዘዘውን ዱቄት አስታ ከፍ ያደርገዋል። ገዢውም ላልነበረ ጥራት ይከፍላል።

ጉዳቱ በገዢው ኪስ ብቻ አልቆመም። ማቅለሚያው ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ለምግብ የተከለከለ ነው። እ.ኤ.አ በ2003 በፈረንሳይ ከተገኘ በኋላ የአውሮፓ ኅብረት ወደ ግዛቱ የሚገባ በርበሬ ከሱዳን 1 ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ማስረጃ እንዲቀርብበት አዘዘ። በየካቲት 2005 (እ.ኤ.አ) ደግሞ በብሪታንያ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ እንዲነሱ ተደርጓል። መነሻው አንድ የተበከለ የበርበሬ ዱቄት ነበር።

በዚህ ላይ የሁለት ሞገዱ ስሌት ወሰን አለው። ሒሳቡ የሚሠራው በናሙናው ውስጥ ያሉት ቀለሞች ከታወቁ ነው፤ ያልታሰበ ቀለም ከገባ ድርሻው በቀዩ ወይም በቢጫው ስም ይመዘገባል። ንባቡ በብዙ ሞገዶች ከተወሰደ ከታወቁት ቀለሞች ጋር የማይገጥም ትርፍ ሊታይ ይችላል። ያም ቢሆን ጥርጣሬ ያሳድራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም፤ ጥቂት ማቅለሚያ ከሆነ ጭራሹን ያመልጣል። ቁርጡን የሚናገረው ቀለሞቹን በአካል ለያይቶ የሚመረምረው፣ ዋጋውም ከፍ ያለው ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የተባለው መሣሪያ ነው።

ከዚህ አንጻር ላኪውም ደላላውም ሦስት ነገሮችን በውሉ ማስፈር ይበጃቸዋል። እነሱም አስታው፣ የቀዩና የቢጫው ድርሻ፣ እንዲሁም ከማቅለሚያ ነፃ የመሆን የምስክር ወረቀት ናቸው። ናሙናው የተወሰደበት ቀንም አብሮ መጻፍ አለበት። የተፈጨ በርበሬ በብርሃን፣ በሙቀትና በአየር ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሲጫን የነበረው ቁጥር ወደብ ሲደርስ ላይገኝ ይችላል። በዚያን ጊዜ ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት የያዘ ሻጭ የሚከራከርበት አይኖረውም።