ቋንቋው የጠፋበት ሕዝብ

ሕዝብ የሚታወቀው በሦስት ነገር ነው፤ በአገሩ፣ በቋንቋውና በታሪኩ። ሁለቱን ያጣ ሕዝብ በሦስተኛው ካልተጠበቀ ስሙ ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የጋፋት ሕዝብ ነው።

የጋፋቶች የጥንት አገራቸው ከዐባይ በስተደቡብ ነበረ። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በኦሮሞ መስፋፋት ጊዜ፣ ብዙዎቹ ዐባይን ተሻግረው በጎጃም ሰፈሩ። ቋንቋቸው እንደ ግዕዝና እንደ አማርኛ የሴም ወገን ሲሆን ይበልጡን የሚቀርበው ለሶዶ ጉራጌ ነው። በጎጃም ግን ልጆቻቸው አማርኛ እየተናገሩ አደጉ። እንግዲህ የጠፋው ቋንቋው ነው እንጂ ሕዝቡ አይደለም፤ ዘሩ ከጎረቤቱ ጋራ አንድ ሆኖ ይኖራል።

ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ከ1762 እስከ 1764 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በነበረ ጊዜ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በጋፋት ቋንቋ አስተርጕሞ ወሰደ፤ ጽሑፉም በኦክስፎርድ ተቀምጦአል። ከ175 ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. ገደማ፣ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው ቋንቋውን ፈልጎ ወደ ጎጃም ቢሄድ በብዙ ድካም ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። ከእነርሱ አፍ የሰማውን ጽፎ አሳተመ።

የጋፋት ስም ከዐባይ ወዲህ በበጌምድርም ይሰማል። ከእስቴ ብዙ ሳይርቅ በደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ስፍራ ነው። መድፉ በ1860 ዓ.ም. በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተጐተተ። የመድፉን ነገር የማያውቅ የለም፤ የስፍራውን ስም ነገር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በዚያው በጋይንት በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ እስከ ዛሬ ደርሶአል። ይህን ያቆየው ብራናና የመምህራን ትጋት ነው። ብራናና መምህር ያልነበረው የጋፋት ቋንቋ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋራ ተቀበረ።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትርጓሜው ከሽማግሌ በቀር የማይታወቅ የወንዝ፣ የተራራና የመንደር ስም ሞልቶአል። ሹም መዝገብ አለው፤ ካህንም ብርዕ ይዞአል። ሽማግሌው ሳይሞት ጠይቆ መጻፍ የሁለቱም ሥራ ነው። አገሩንና ቋንቋውን ላጣ ሕዝብ የቀረው ታሪኩ ነውና፣ እርሱንም ሌላ ሰው ከሩቅ መጥቶ እስኪጽፈው መጠበቅ አይገባም።