ከ98ኛው ቀን በኋላ

ተክለ ሃይማኖት ሰፈር አራስ ሆኜ የተኛሁ ጊዜ በራችን ለሁለት ሳምንት አልተዘጋም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚገባው፣ በፔርሙስ አጥሚት ይዞ የሚመጣው፣ ዳይፐርና ሳሙና በፌስታል አስቀምጦ ሕፃኗን ከሩቅ አይቶ የሚወጣው ብዙ ነበር። እናቴ ለደቂቃ ብቻዬን አልተወችኝም፤ መታጠቢያ ቤት ስገባ እንኳ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ያንን ፍቅር መቼም አልረሳውም።

ዛሬ ልጄ ዓመት ሞላት። እህቶቼ፣ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ግን ስለ አራስ ቤት አይደለም። ቤቱ ጭር ካለ በኋላ ስለሚመጣው ነው።

ቀኑን ልቁጠርላችሁ። ሴት ስለሆነች ክርስትና የተነሳችው በ80 ቀኗ ነው። ድግሱ አለቀ፣ እናቴም በማግስቱ ጓዟን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። የልጄ ክትባት ስትወለድ ተጀምሮ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ቀጠለ። 14ኛው ሳምንት 98ኛው ቀን ላይ ይውላል። የጤና ጣቢያው ሲስተር ካርዱ ላይ ቀጣዩን ቀጠሮ ስትጽፍ አየኋት፤ የኩፍኝ፣ 9 ወር ሲሞላት። የወሊድ ፈቃዴም በዚያው ሰሞን አለቀ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው።

አያችሁት? ቤተሰቡም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ፈቃዱም በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ተከታትለው ያልቃሉ። ከዚያ እስከ ኩፍኙ ቀጠሮ ከአምስት ወር በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ በእኛ ካርድ ላይ አንድም «ነይ» የሚል ቀን አልነበረም።

እኔ የወደቅሁት እዚያ መሀል ነው።

አምስተኛው ወር ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ልጄ ተኝታለች። ባለቤቴም ተኝቷል። ከቤተ ክርስቲያን የሰዓታት ድምፅ በመስኮት ይገባል። እኔ ጣሪያውን እያየሁ ነው። ቀን ሙሉ ቆሜ ውዬ ዓይኔን ብጨፍንም እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ልጄን እወዳታለሁ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱ ሲጠፋኝ ፈራሁ። ጠዋት ስትስቅልኝ ፊቴ አልፈታ አለ። ለማን ይነገራል? «ጤነኛ ልጅ ሰጥቶሽ ምን ጎደለሽ?» እንዳልባል ዝም አልኩ። ሁለት ወር ዝም አልኩ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ሁለት ወር አልጠብቅም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመጣው ሆድ መባስ የብዙ እናት ነው። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በእርግዝና ከፍ ብለው የነበሩ ሆርሞኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ፤ ያለ ምክንያት እንባ ይመጣል፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይተዋል። ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይም እንደ እኔ ወራት ቆይቶ ከጀመረ ግን ሌላ ነው። ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ ምንም ነገር አለማስደሰት፣ «እኔ ለዚህ ልጅ አልሆንም» የሚል ሐሳብ አለመልቀቅ፣ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ 100 እናቶች 20 ያህሉን የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድብርት ያገኛቸዋል። ከአምስታችን አንዷ ማለት ነው። ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ ነገ አትበይ፤ በዚያው ሰዓት አጠገብሽ ላለው ሰው ንገሪና ወደ ሆስፒታል ሂጂ።

የተክለ ሃይማኖት ልጅ ሆኜ ያደግሁት አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን በስም እየፈራሁ ነው። ልጅ ሳለን ለስድብ ነበር የምንጠራው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ያለ፣ የስንቱን ቤት ሰው ያዳነ ሆስፒታል፣ ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ ቆሞ እኔ በደጁ ላለማለፍ መንገድ እቀይር ነበር። በመጨረሻ የአእምሮ ሐኪም ፊት የተቀመጥኩ ቀን የቀረበልኝ 10 ጥያቄ ብቻ ነው። በስኮትላንድ ተዘጋጅቶ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኤድንብራ የሚባል መጠይቅ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም በወለዱ እናቶች ላይ ተሞክሯል። ሲጨርስ ሐኪሙ «ይድናል» አለኝ። ያቺን ቃል ለመስማት አምስት ደቂቃ በቂ ነበር። ሕክምናው ለእኔ ንግግርና መድኃኒት ሆነ፤ እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፣ የሚመርጠው ሐኪም ነው። እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፣ በደስታ ሄድኩ። ጠበሉና ሐኪሙ አልተጣሉብኝም።

ሌላው ያዳነኝ ፀሐይ ነው። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ልጄን በመስኮት አሞቃት ነበር፣ መስታወቱ እንደተዘጋ። ሲስተሯ ስትሰማ፣ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውን ጨረር መስታወት እንደሚያስቀረው ነገረችኝ። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደ ግቢው መውረድ ጀመርኩ። እዚያ ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን ቅባት ቀብተው ፀሐይ ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል። አንዷ ሥራ ቦታ ዕቃ ክፍል ተደብቃ ወተቷን እንደምታልብ፣ ጡቷ ሞልቶ ሸሚዟን ሲያርሰው እንደምታለቅስ አወራችኝ። እኔም ያው ነበርኩ። ታልቦ የወጣ የጡት ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን እንደሚቆይ የተማርኩት ከእሷ ነው።

ድሮ እናቴ እኔን ያሳደገችበት የቀበሌ ቤት ግድግዳው የጋራ ነበር፤ ልጅ ሲያለቅስ ጎረቤት ሳትጠራ ትገባለች። ያ ግቢ ፈርሷል፣ ጎረቤቶቻችን ከፊሉ ጀሞ ከፊሉ አራብሳ ነው። ፎቅ ላይ ደግሞ ሳይጠሩ መግባት ነውር ሆኗል። ግን አንድ ቀን ከሥር የሚኖሩ እማማ በሬን አንኳኩ። ምንም ሳይጠይቁኝ እጃቸውን ታጠቡ፣ አንቀልባውን ከወንበር ላይ አነሱ፣ ልጄን አዘሉና «ሂጂ ተኚ፤ እስክጠራሽ እንዳትነሺ» አሉኝ። አራት ሰዓት ተኛሁ። ስነሳ ሳህኖቹ ታጥበው ነበር፣ ልጄ ጀርባቸው ላይ አንቀላፍታለች። ከስጦታ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከምታውቋቸው መካከል ከአራት፣ ከአምስት፣ ከስድስት ወር በፊት የወለደች እናት አስቡ። አራስ ጥየቃ ሄዳችሁ ከሆነም ድጋሚ ሂዱ። ዳይፐር ባትይዙም ግድ የለም፤ ልጁን ተቀብላችሁ እሷን አስተኟት። ስትነሳም «ልጁ እንዴት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» በሏትና መልሷን ቁጭ ብላችሁ ስሙ።