የዳኑት ብቻ ሲናገሩ

ቲክቶክ ላይ አንዲት ሴት ጠርሙስ ይዛ ትናገራለች። ጨጓራ ለዓመታት እንዳሰቃያት፣ ሐኪም ቤት ተመላልሳ መፍትሔ እንዳጣች፣ ይህን ውሁድ በጠጣች በሳምንቱ ግን ሕመሙ ድራሹ እንደጠፋ። ከሥሩ የስልክ ቁጥርና «ፍቱን ነው፣ እኔም ምስክር ነኝ» የሚሉ አስተያየቶች ተደርድረዋል። ሴትየዋ ላትዋሽ ትችላለች፤ በእርግጥም ተሽሏት ይሆናል። ወጣቶችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ «ውሸታሞችን ተጠንቀቁ» ብለን ስናስተምራቸው ከእውነተኛ ሰው ለሚመጣ የተሳሳተ መረጃ አላዘጋጀናቸውም።

የጨጓራ ሕመም አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይተኛል። ሰው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጣው ደግሞ ሲብስበት ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባይወስድ እንኳ ብዙ ጊዜ ጋብ ይልለታል፤ ምስጋናውን ግን በዚያ ሳምንት የጠጣው ነገር ይወስደዋል። መነሻው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ፣ ሕመሙ ጋብ ማለቱ ባክቴሪያው መጥፋቱን አያሳይም። መኖር አለመኖሩ በሰገራ ምርመራ ይታወቃል፤ የሚጠፋውም ሐኪም በሚያዝዘው አንቲባዮቲክና የአሲድ መቀነሻ ነው። ጠጥተው ያልተሻላቸው ሰዎች ደግሞ ቪዲዮ አይሠሩም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ሴትየዋ ተሽሏታል ወይ?» ሳይሆን «ሳይጠጡ የተሻላቸውስ? ጠጥተው ያልተሻላቸውስ?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ የ10 ዓመት ልጅ ሊማረው ይችላል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌይ ተመራማሪዎች በማዕከላዊ ኡጋንዳ 120 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በግማሾቹ የአምስተኛ ክፍል ልጆች በሥዕላዊ ታሪክ የተዘጋጀ መጽሐፍ ይዘው በአንድ የትምህርት ወቅት ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ ተማሩ። በቃጠሎ ላይ የላም እበት ቀብቶ የዳነ ሰው ምስክርነት ስለ እበቱ ምን ያህል ያስረዳል? መድኃኒትን ለመፈተን ሰዎችን በዕጣ መመደብስ ለምን ያስፈልጋል? በመጨረሻ በተሰጠው ፈተና ከተማሩት 69 በመቶው ሲያልፉ፣ ካልተማሩት ያለፉት 27 በመቶ ናቸው። ከዓመት በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። በእርግጥ ፈተና ማለፍና ቤት ውስጥ በትክክል መወሰን ለየቅል ናቸው። ቢሆንም ውጤቱ የተገኘው ተማሪ በታጨቀባቸው ተራ ክፍሎች፣ በዚያው ትምህርት ቤት መምህራን መሆኑ እኔን ተስፋ ይሰጠኛል። የእኛም ክፍሎች ከዚያ ብዙ አይለዩም።

«ኢንተርኔት ላይ ያየኸውን ሁሉ አትመን» የሚለውን ምክር ግን አልደግፈውም። ሁሉን የሚጠራጠር ልጅ የሐኪሙንም ምክር አብሮ ይጥላል። በአገራችን የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሲከተለው ኖሯል። ወሬውን ከማመን በፊት ክትባቱ በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ፣ እዚህም «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። በስዊድን የ1.7 ሚሊዮን ያህል ሴቶች መዝገብ ሲመረመር፣ 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተከተቡት በ88 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የጠርሙሱን ወሬ የሚያፈርሰው ጥያቄ ክትባቱን እንዲህ ያጸናዋል።

እኛ ዘንድ ሌላም ፈተና አለ፤ ወሬው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከታላላቆቻችን ነው። አክስት በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ «ነጭ ሽንኩርት የደም ግፊት ኪኒን ያስጥላል፤ ለ10 ሰው አጋሩ» የሚል መልእክት ስትለጥፍ፣ በሰው ፊት «ውሸት ነው» ማለት ነውር ይሆናል፤ አክስትም እልህ ትጋባለች። ዝም ማለቱ ደግሞ ይብሳል፤ የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ስሜት ስለሌለው ኪኒን ያቋረጠ ሰው ደኅና ነኝ እያለ ስትሮክ ሊጥለው ይችላል። ለብቻ ደውሎ፣ ሳያሳፍሩ መነጋገር ይቻላል፦ «እትዬ፣ ሽንኩርቱን ይብሉት፤ ኪኒንዎን ግን እንዳያቋርጡብኝ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብሬዎት ልሂድና ግፊትዎን እንለካው።»