አንድ ቤት በመዳፍ ላይ፦ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ የወርቅ ሙዳዮችና ጥቃቅን ሥዕሎቻቸው

(በፋኩልቲው የሕዝብ ሌክቸር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ዕቃ ርዝመቱ ስምንት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በስክሪኑ ላይ ገዝፎ መታየቱ እንዳያሳስታችሁ፤ በአንድ እጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ የሱረት ሙዳይ ነው። ወርቁን የሠራው ሉዊ ሩሴል የተባለ የፓሪስ አንጥረኛ ሲሆን ሥዕሎቹ የሉዊ-ኒኮላ ቫን ብላረንበርግ ናቸው። ባለቤቱ ዱክ ደ ሹዋዜል በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ዘመን የውጭ ጉዳይንና የጦር ሚኒስቴርን እያፈራረቀና እየደረበ የያዘ፣ ለ12 ዓመታት ያህልም በመንግሥቱ ጉዳይ ከማንም በላይ ተሰሚ የነበረ ሰው ነው።

ስለዚህ ዕቃ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ወርቅ ከሌሎች የጥበብ መሥሪያዎች የሚለይበት ክፉ ጠባይ አለው። ሸክላ ሲሰበር ከንቱ ይሆናል፤ ሸራ ሲቃጠል አመድ ነው፤ ወርቅ ግን ቀልጦም ዋጋውን አያጣም። በመሆኑም ማንኛውም የወርቅ ዕቃ ባለቤቱ በተቸገረ ቁጥር ወደ አንጥረኛው እሳት ለመመለስ ተዘጋጅቶ የሚኖር ዕቃ ነው። ታዲያ ይህ ሙዳይ እንዴት ሳይቀልጥ ቀረ? ቢቀልጥስ ኖሮ ምን እናጣ ነበር?

ከልማዱ እንጀምር። ትምባሆ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የታወቀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሊዝበን አምባሳደር የነበረው ዣን ኒኮ ለካተሪን ደ ሜዲቺ ከላከላት በኋላ ነው፤ ኒኮቲን የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ስሙን ይዞ ቀርቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጨዋ የሚባለው የፈረንሳይ ሰው ትምባሆን በአብዛኛው አያጤስም፤ ሱረት አድርጎ ይስበዋል። ሱረት ደግሞ አየር ሲያገኘው ይደርቃል፤ መዓዛውም ይጠፋል። ስለዚህ የሙዳዩ ክዳን ገጥሞ መዘጋት፣ በአውራ ጣት ቀላል ግፊትም መከፈት ይኖርበታል። የፓሪስ አንጥረኞች ዝና ከጌጡ ይልቅ በዚህ የተመሠረተ ይመስለኛል። ማጠፊያው ከጎኑ ግድግዳ ጋር ተዋሕዶ የት እንዳለ ለዓይን አይታወቅም፤ ክዳኑ ሲዘጋም መጋጠሚያው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሆኖ ይቀራል።

ሙዳዩን ከኪስ ማውጣት፣ ክዳኑን በጣት መታ መታ ማድረግ፣ ከጎን ላለው ሰው መጋበዝ ሁሉ የጨዋታ ሥርዓት ነበር። የፓሪስን ኑሮ የመዘገበው ሉዊ-ሴባስትየን መርሲዬ ሀብታሞች ለሞቃት ወራት ቀላል፣ ለብርድ ወራት ከባድ ሙዳይ እንደሚለዋውጡ እያሾፈ ጽፏል። ከረሜላ ወይም የፊት ቅባት የሚያኖሩባቸው ሙዳዮችም ነበሩ፤ ቅርጻቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ዛሬ ሁሉም በጅምላ “የሱረት ሙዳይ” እየተባሉ ይጠራሉ።

ሙዳዩ ሌላም ሥራ ነበረው፤ የደመወዝ ያህል ያገለግል ነበር። የፈረንሳይ ንጉሥ ተልእኮውን ጨርሶ ለሚሰናበት የውጭ መልእክተኛ በራሱ ምስል ያጌጠ፣ ዙሪያውን አልማዝ የተደረደረበት ሙዳይ ይሰጣል። ብር ቆጥሮ መስጠት መልእክተኛውን ማዋረድ ይሆናል፤ የንጉሡን ምስል መስጠት ግን ክብር ነው። ተሸላሚው ምስሉን አስቀርቶ ወርቁንና አልማዙን ለዚያው ለቤተ መንግሥቱ ዕንቁ ነጋዴ መልሶ ቢሸጥ ማንም አይነቅፈውም ነበር። ነጋዴውም ሙዳዩን አድሶ ለሚቀጥለው ተሸላሚ ያዘጋጀዋል። ሁሉም ወገን ምን እየተደረገ እንዳለ ያውቃል፤ ማንም ግን ገንዘብ ተከፈለ አይልም። የወርቅ ሙዳይ ከመጀመሪያውም በጌጥነትና በገንዘብነት መካከል የቆመ ዕቃ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

አሁን ወደ ሙዳዩ ውስጥ እንግባ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ፣ በጎኑና በመቀመጫው ላይ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ማኅተሞች ይገኛሉ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪዎች ሥዕሉን አይተው እነዚህን ያልፏቸዋል፤ ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። አንደኛው ማኅተም የአንጥረኛው የራሱ ምልክት ሲሆን፣ ሌላው የፓሪስ አንጥረኞች ማኅበር አለቆች ወርቁን መርምረው ደረጃውን መጠበቁን የሚያረጋግጡበት ፊደል ነው። በፓሪስ ለትንንሽ የወርቅ ሥራዎች የሚፈለገው ደረጃ 20 ካራት ገደማ ነበር፤ ይኸውም ከ24 እጅ 20ው ንጹሕ ወርቅ፣ የቀረው መዳብና ብር ነው። መዳብ ሲበዛ ወርቁ ወደ ቀይ፣ ብር ሲበዛ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ አንጥረኞቹም ይህን ተጠቅመው በአንድ ሙዳይ ላይ ባለ ብዙ ቀለም የወርቅ አበባ ይሠሩ ነበር። የማኅበሩ ፊደል በየዓመቱ ይለወጣል። የማኅበሩ ዓመት ግን በጥር አይጀምርም፤ የአለቆቹ ምርጫ የሚካሄደው በዓመቱ አጋማሽ ነበር። የፓሪስ ወርቅ ሥራዎች በሙዚየም መግለጫዎች ላይ “1770-71” እየተባሉ በሁለት ዓመት የሚጻፉት በዚህ ምክንያት ነው።

የቀሩት ሁለቱ ማኅተሞች የግብር ናቸው። አንዱ ሥራው ገና ሲጀመር ግብር የሚከፈልበት መሆኑን ለመመዝገብ፣ ሌላው ሲያልቅ ግብሩ መከፈሉን ለማረጋገጥ የሚመቱ ናቸው። ይህን ግብር የሚሰበስበው “ፌርም ጄኔራል” የተባለው የባለሀብቶች ቡድን ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ለስድስት ዓመት በሚጸና ውል የንጉሡን ቀጥተኛ ያልሆኑ ግብሮች ተረክቦ ይሰበስባል። ሩሴል ሙዳያችንን ሲሠራ ውሉ በዡልየን አላቴር ስም ነበር። ልብ በሉ፤ በፈረንሳይ ትምባሆ የመሸጥ ብቸኛ መብትም የዚሁ ቡድን ነበር። አንድ መኳንንት ሙዳዩን ሲገዛም ሲሞላውም ለዚሁ ቡድን ይከፍላል ማለት ነው። ታላቁ የኬሚስትሪ ሊቅ አንቷን ላቯዚዬ ከቡድኑ አባላት አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1794 ከባልደረቦቹ ጋር በጊዮቲን ሲገደል ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ በትምባሆው ላይ ውኃ በመጨመር ሚዛኑን ከፍ አድርገዋል የሚል ነበር።

እስካሁን ያየነው መንግሥትና ማኅበሩ በወርቁ ላይ የጻፉትን ነው። ባለቤቱ ያጻፈው ደግሞ ሥዕሉ ነው።

“ሚኒያቸር” የሚለውን ቃል ብዙ ሰው “ትንሽ” ከሚለው ቃል ጋር ያዛምደዋል። ምንጩ ግን ሌላ ነው፤ “ሚኒዩም” ከተባለው ቀይ ቀለም የመጣ ሲሆን በመካከለኛው ዘመን የእጅ ጽሑፎች ላይ በቀይ ቀለም መጻፍንና ማስጌጥን ያመለክት ነበር። የብራና መጻሕፍቶቻችንን አርእስትና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ለሚያውቅ የዚህ አዳራሽ ታዳሚ ነገሩ እንግዳ አይሆንም። ቫን ብላረንበርግም የሚሥለው በብራና ወይም በወረቀት ላይ ነበር። ቀለሙ ጓሽ ይባላል፤ በውኃና በግራር ሙጫ የተለወሰ፣ ከሥሩ ያለውን የማያሳይ ድፍን ቀለም ነው። ከኢናሜል ጋር ልናምታታው አይገባም። ኢናሜል በወርቁ ላይ የሚቀልጥ የብርጭቆ ዱቄት ስለሆነ ከብረቱ ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ጓሽ ግን ውኃ የሚያጠፋው፣ ብርሃን የሚያደበዝዘው ሥዕል በመሆኑ በመስታወት መሸፈን አለበት። ስለዚህ አንጥረኛው ስድስት መስኮት ያለው የወርቅ ክፈፍ ብቻ ይሠራል፤ ሥዕሎቹ ከክዳኑ፣ ከመቀመጫውና ከአራቱ ጎኖች ይገባሉ። ፈረንሳዮች ይህን አሠራር ከወፍ ቤት ጋር አመሳስለው ይጠሩታል።

ቫን ብላረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1716 በሊል ከሠዓሊዎች ቤተሰብ ተወለደ። ልጁ ኦንሪ-ዦዜፍም አብሮት ይሠራ ስለነበር የአባትና የልጁን እጅ መለየት ብዙ ጊዜ ያከራክራል። አባትየው የጦር ሜዳ ሠዓሊ ነው፤ የብረስት ወደብንና የዮርክታውንን ከበባ የሚያሳዩ ሥራዎቹ ይታወቃሉ። ከተማንና ሠራዊትን በሰፊ ወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠናቸው የሚዘረጋ ዓይን ሙዳይ ላይ ሲመጣ አሠራሩን አይለውጥም፤ የሰውየውን ቁመት ወደ ጥቂት ሚሊሜትር ይቀንሳል እንጂ። የፍቅር አማልክትንና የአበባ ጉንጉንን ከሚደጋግሙ ከብዙ የዘመኑ ሙዳይ ሠዓሊዎች በላይ የማየው ለዚህ ነው።

የሹዋዜል ሙዳይ በፓሪስ ሩ ደ ሪሽልዬ የሚገኘውን መኖሪያውን ከውስጥ ያሳያል። ቤቱ የመጣው በባለቤቱ በሉዊዝ-ኦኖሪን ክሮዛ በኩል ነው፤ የክሮዛ ቤተሰብ በባንክ ሀብቱና በሥዕል ስብስቡ የታወቀ ነበር። በሥዕሎቹ ላይ መኝታ ቤቱን፣ እንግዳ መቀበያ ክፍሎቹን፣ በጽሕፈት ጠረጴዛው የተቀመጠውን ሚኒስትር እናያለን። በየግድግዳው ላይ ደግሞ ሥዕሎች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዳቸው ከጥፍር የሚያንሱ ቢሆኑም ማንነታቸው ይለያል። ይህን ማረጋገጥ የተቻለው ፒየር-ፍራንሷ ባዛን እ.ኤ.አ. በ1771 የሹዋዜልን የሥዕል ስብስብ በሕትመት ቀርጾ ስላሳተመ ነው። ሕትመቱ ምን ሥዕል እንደነበረ ይነግረናል፤ የት፣ ከምን አጠገብ፣ በምን ከፍታ ተሰቅሎ እንደነበረ የሚነግረን ግን ሙዳዩ ነው። እንግሊዛዊው ምሁር ፍራንሲስ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ስለዚህ አንድ ሙዳይ ብቻ ሙሉ ሌክቸር ማሳተሙ ሊያስገርመን አይገባም።

አሁን ወደ ቀኑ እንመለስ። ማኅተሙ የሚያመለክተው ከ1770 አጋማሽ እስከ 1771 አጋማሽ ያለውን ጊዜ ነው። በዚሁ ዓመት መካከል፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1770፣ ንጉሡ ሹዋዜልን ከሥልጣን አውርዶ በአምቧዝ አቅራቢያ ወዳለው ርስቱ ወደ ሻንተሉ እንዲሄድ አዘዘ። ሙዳዩ የታዘዘው በክብሩ ጫፍ ላይ ላለ ሚኒስትር ይሁን እንጂ ወርቁ ማኅተም የተመታበት ዓመት የውድቀቱም ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ዕዳ የተቆለለበት ሹዋዜል እ.ኤ.አ. በ1772 ሥዕሎቹን በጨረታ ሸጠ፤ ከመካከላቸው ዣን-ባቲስት ግሩዝ ለፍቅር አምላክ ስለሚቀርብ መባ የሣለው ዛሬ በለንደን ዋላስ ስብስብ ይገኛል። የሩ ደ ሪሽልዬው ይዞታ ተሸንሽኖ ቴአትር ቤት ተሠራበት፤ የፓሪስ ኦፔራ ኮሚክ ዛሬ የቆመው በዚያው ስፍራ ነው። የሻንተሉም ቤተ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፈርሶ በአትክልት ስፍራው ያቆመው ፓጎዳ ብቻ ቀረ። በሙዳዩ ላይ የምናየው ትልቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ ግን ተርፏል፤ በኋላ የኦስትሪያው ሜተርኒኽ ንብረት የሆነ ሲሆን ዛሬ በቬርሳይ ይገኛል።

እንግዲህ ግንቡ ፈርሶ፣ ሥዕሉ ተበትኖ፣ ባለሥልጣኑ ተሽሮ ሳለ የክፍሎቹን አኳኋን የያዘልን የጓሽ ቀለም ነው። የወርቁ ሚና ክፈፍ መሆን ነበር። ይህን የምለው ወርቁን ለማንኳሰስ አይደለም፤ የመጥፋት አደጋው የመጣው ከማን እንደነበረ እንድታዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 በሰባቱ ዓመት ጦርነት ወቅት ሉዊ 15ኛ የራሱን የብር ዕቃ ለገንዘብ መሥሪያ ቤት ልኮ ተገዦቹም ያንኑ እንዲያደርጉ ጠይቋል፤ አብዮቱ በፈነዳበት በ1789ም ጥሪው ተደገመ። በእነዚህ ጊዜያት የቀለጠው የፈረንሳይ ብርና ወርቅ ብዙ ነው። አንድ ተራ የወርቅ ሙዳይ በሚዛን ይሸጣል፤ በቫን ብላረንበርግ የተሣለ ሙዳይ ግን ከሚዛኑ እጅግ የበለጠ ዋጋ ስለሚያወጣ ማቅለጡ ለባለቤቱ ኪሳራ ነው። ወርቁን ያዳነው ደካማው፣ በውኃ ጠብታ የሚበላሸው ሥዕል መሆኑ የእኔ ድምዳሜ ነው።

ሌባ ግን ይህን ስሌት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2003 ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች በእንግሊዝ ዋድስደን ማነር ገብተው ወደ 100 የሚጠጉ የወርቅ ሙዳዮችና ሌሎች ውድ ዕቃዎች ዘረፉ። በኅዳር 2024 ደግሞ በፓሪሱ ኮኛክ-ዤ ሙዚየም ለእነዚሁ የኪስ ዕቃዎች በተዘጋጀ ዐውደ ርእይ ላይ፣ ጎብኚዎች እያዩ፣ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች መስታወቱን ሰብረው ሰባት ሙዳዮችን ወሰዱ። በእንዲህ ያለ ስርቆት ወርቁ የመቅለጥ፣ ብራናውም የመጣል ዕድሉ ሰፊ ነው።

የሹዋዜልን ሙዳይ ለማግኘት የሉቭር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ የመዋጮ ጥሪ አቀረበ፤ የተጠየቀው ዋጋ 3.9 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ሕዝቡም አዋጥቶ ሙዳዩ ተገዛ። በዚህ ላይ እስካሁን ሆን ብዬ ያልጠቀስኩት አንድ ሥዕል አለ። ከስድስቱ አንዱ የሹዋዜልን ቤት አያሳይም፤ የሉቭርን ታላቅ ጋለሪ ነው የሚያሳየው። ጋለሪው በዚያን ጊዜ ሙዚየም አልነበረም፤ የፈረንሳይ ምሽጎች ትልልቅ ሞዴሎች በጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የሚቀመጡበት፣ ለጥቂቶች ብቻ የሚፈቀድ የመንግሥት ምስጢር ክፍል ነበር። የጦር ሚኒስትሩ ሹዋዜል ሞዴሎቹን ሲመለከት ተሥሏል። ሞዴሎቹ እ.ኤ.አ. በ1777 ወደ ኢንቫሊድ ተዛወሩ፤ ሙዳዩ ደግሞ ዛሬ የሚገኘው በዚያው በሉቭር ሕንፃ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።