ጆሮ ላላችሁ የደብረ ማርቆስ ተማሪዎች

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎች ያወቁት ከመጽሐፉ በፊት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ የጎጃም ልብ ወለድ ማንበብ የማይችለውም ሰው ቤት ገባ።

ከተራኪ ጀርባ ሁልጊዜ ድምፁን የሚቀርፅና የሚያቀናብር ባለሙያ አለ። ሬዲዮ፣ ፊልም፣ ሙዚቃና የትረካ መጻሕፍት ይህን ሙያ ይፈልጋሉ።

ዛሬውኑ በስልካችሁ ጀምሩ፦

✅ ጋቢና ብርድ ልብስ በግድግዳው ላይ ስቀሉ፤ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል።
✅ ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ።
✅ ለቪዲዮ የሚሆነውን በ48,000 ኸርዝ ቅረፁ።
✅ የቀረፃችሁትን በማዳመጫ ደጋግማችሁ ስሙ።

ዲማና ደብረ ኤልያስን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ልጆች ናችሁ። የአያቶቻችሁን ተረት አስፈቅዳችሁ ቅረፁ፤ የመጀመሪያ ሥራችሁ እሱ ይሁን።